ሳይኮሎጂ ከነልምምዱ፦ ከከተማ ዳር ሆኖ የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ እንዴት ይገኛል?

እንግሊዝ አገር ሳይኮሎጂ የሚማር ልጅ አራት ዓመት የሚፈጅ ፕሮግራም መምረጥ ይችላል። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ይማራል። ሦስተኛውን ዓመት ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የምርምር ተቋም ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ይከርማል። ከዚያ ተመልሶ የመጨረሻውን ዓመት ይጨርሳል። የባዝ፣ የካርዲፍና የሰሪ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ስም አላቸው።

የኛም ዲግሪ አራት ዓመት ነው። የኛ ትርፍ ዓመት ግን የሚያልቀው በፍሬሽማን ኮርስ ነው። ልምምዱ ፕራክቲከም በምትባል ኮርስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል። ጥቂት ሳምንት መሄድ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ አስፈርሞ መመለስ። ስለዚህ ብዙ ልጅ የድባቴን ምልክቶች በቃሉ ይወጣቸዋል። ድባቴ ያለበት ሰው ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ ግን እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል።

ይህ መመሪያ ያንን የጎደለ ዓመት በራስ ጥረት ስለመሥራት ነው። የጻፍኩት በተለይ ለገጣፎ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ለምትኖሩ ነው። መሀል ከተማ ካልገቡ ምንም አይገኝም የሚል ወሬ አለ። ለሌላው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ለሳይኮሎጂ ልምምድ ግን ዳር መኖር ይጠቅማል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ እየሄድን እናየዋለን።

1. ከመመዝገባችሁ በፊት ምን ልትሆኑ እንደሆነ ለዩ

ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ይሆናል፤ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል። መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም። ያዳምጣል፣ ይመዝናል፣ ያማክራል፣ ያጠናል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ደግሞ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አይኮንም፤ ማስተርስ ያስፈልጋል። ይህን ለቤተሰብ ቀድማችሁ ንገሩ። አለዚያ እናታችሁ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ብላ ለሰፈሩ አውርታ ትጨርሳለች።

በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ ሰው የሚገባባቸው በሮች ግን አሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ አማካሪ መሆን አለ። ድርጅቶች ሳይኮሶሻል የሚሉት ሥራ አለ፤ ከተፈናቃዮች፣ ከስደተኞችና ከሕጻናት ጋር የሚሠራ ነው። የሰው ሀብት ክፍል፣ የማገገሚያ ማዕከል፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች የሚማሩበት ማዕከል አለ። ከነዚህ አንዱን «ይህን መሞከር እፈልጋለሁ» ብላችሁ ያዙ። በኋላ ብትቀይሩም ችግር የለውም። ልምምድ ስትጠይቁ ግን «የትም ይሁን» የሚል ተማሪ የትም አይገባም።

2. አገባብና የዩኒቨርሲቲ ምርጫ

የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፋችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት ፍሬሽማን ነው። እዚያ አጠቃላይ ሳይኮሎጂና የሕይወት ክህሎት የሚባል ኮርስ ሁሉም ይወስዳል። ኢኮኖሚክስም ሆነ ምሕንድስና የሚሄደው ሳይቀር። ኮርሱ ለናንተ ነጻ ሙከራ ነው። ከወደዳችሁት ጥሩ። ከሰለቻችሁ ዲፓርትመንት ከመምረጣችሁ በፊት ማወቃችሁ ይሻላል። ዲፓርትመንት የሚገኘው በውጤትና በኮታ ስለሆነ የፍሬሽማንን ዓመት «ገና ነው» ብላችሁ አታሳልፉት። ሒሳብን አትናቁ። ሳይኮሎጂ ሒሳብ የለውም ብሎ የገባ ልጅ ስታቲስቲክስ ላይ ሲደርስ ያዝናል።

የምሥራቁ ሰው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ቅርቡ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት ቤት ስድስት ኪሎ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይፈትናል። የግል ኮሌጅ ከሆነ ያሰባችሁት፣ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያው ካምፓስ ፈቃድ መስጠቱን አጣሩ። የኮሌጁ ስም መታወቁ አይበቃም። አንድ ካምፓስ ላይ ያለ ፈቃድ ሌላውን አይሸፍንም።

ከሁሉ በላይ አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቁ። ፕራክቲከም የት ወጣችሁ? ስንት ሳምንት? መምህር መጥቶ አይቷችኋል ወይስ በስልክ ብቻ? የዲፓርትመንቱ ኃላፊ የሚነግራችሁ ወረቀት ላይ ያለውን ነው። ልጆቹ የሚነግሯችሁ የሆነውን ነው።

ምደባው ጅማ ወይም ዲላ ቢያደርሳችሁም ነገሩ አልተበላሸም። ክረምት አለ።

3. ሁለተኛ ዓመት፦ ባዶ እጅ ላለመሄድ

ልምምድ ቦታ ላይ የሚጠቅሙ ኮርሶች ተማሪ የሚሸሻቸው ናቸው። ስታቲስቲክስ፣ የምርምር ዘዴ፣ የሥነ-ልቦና ምዘና። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ መረጃ ማስገባትና ቀላል ሰንጠረዥ ማውጣት የሚችል ተማሪ የትኛውም ድርጅት ይፈልገዋል። ኤስፒኤስኤስ ካላገኛችሁ ጃሞቪ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ለመለማመድ ከበቂ በላይ ነው። አማርኛ በኮምፒውተር ፈጥኖ መጻፍም ሙያ ነው። አዲስ አበባ ባሉ ማዕከሎች ውስጥ ብዙው ሪፖርት የሚጻፈው በአማርኛ ነው።

የሥነ-ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ካገኛችሁ ውሰዱ። አጭር ነው፤ ባለሙያ ላልሆነ ሰውም የተዘጋጀ ነው። ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። መጀመሪያ ቦታው ደኅና መሆኑንና ማን አስቸኳይ እርዳታ እንደሚፈልግ ታያላችሁ። ከዚያ ሰውየው ሊናገር የፈለገውን ብቻ ታዳምጣላችሁ፤ «ምን ደረሰብህ? እስቲ ዘርዝረው» ብላችሁ አትጎተጉቱም። በመጨረሻ ከቤተሰቡ ወይም አገልግሎት ከሚሰጥ ቦታ ጋር ታገናኛላችሁ።

አሁን ዳር የመኖር የመጀመሪያው ጥቅም። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ገላን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከታካሚውም ብዙው የሚያወራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ እየሰማችሁት ያደጋችሁ ከሆነ አፋችሁን ፍቱበት። ሰው ሐዘኑን የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ መሀል ሲገባ ከነገሩ ግማሹ ይቀራል። ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ተማሪ ገና በሩ ላይ ይፈለጋል።

4. ዓመቱን ከየት ታመጡታላችሁ?

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ትምህርት በሕጋዊ መንገድ አቋርጦ አንድ ዓመት መሥራት ነው። አልመክርም። መልሶ መግባት የራሱ ጣጣ አለው፤ ካሪኩለም ሊቀየር ይችላል፤ ጓደኞቻችሁ ይመረቃሉ። ሁለተኛው ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት በነጻ ማገልገል ነው። ቤተሰብ የሚችል ከሆነ ጥሩ ነው። የብዙዎቻችን ቤተሰብ ግን ምረቃውን የሚጠብቀው ደመወዝ ለማየት ነው።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። ዓመቱን በትኖ መሰብሰብ። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ያው ቀን። ቀኑን 7 ሰዓት አድርጉት። የትምህርት ዓመቱን 32 ሳምንት ብንይዘው 224 ሰዓት ይመጣል። ሁለት ዓመት 448 ሰዓት ነው። በመሀል ያለውን ክረምት 8 ሳምንት፣ በሳምንት 4 ቀን ከሠራችሁ ሌላ 224 ሰዓት። ድምሩ 672 ሰዓት። የእንግሊዙን ሙሉ ዓመት አያክልም። ከፕራክቲከሟ ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም።

ክልል የተመደባችሁ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ዓመት ክረምት ያዙ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል። ትምህርት ቤት ውስጥ መለማመድ የምትፈልጉ በክረምት አትቁጠሩ። ሆስፒታልና ማዕከል ግን ክረምት ከበጋ አይለይም።

ቀኑን ስትመርጡ ከክፍል ፕሮግራማችሁ ቀድሞ የተቋሙን ቀን እወቁ። አንዳንዱ ክሊኒክ የአእምሮ ጤና ታካሚ የሚያየው በተወሰኑ ቀናት ነው። ባዶ ኮሪደር የምትጠብቁበት ቀን ይዛችሁ ዓመት እንዳታሳልፉ።

5. ቦታ ፍለጋ፦ በየአቅጣጫው

መመሪያዬ አንድ ነው። ቢበዛ በሁለት ታክሲ የማይደረስ ቦታ አትያዙ። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መርካቶ አጠገብ አማኑኤል ሆስፒታል ለ2፡30 መድረስ ይቻላል፤ ለአንድ ሳምንት። ዝናቡ ሲመጣ፣ የታክሲው ሰልፍ ሲረዝም፣ ፈተና ሲደርስ ይቀራል። አማኑኤል ስሙ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ተማሪ የሚያመለክተው እዚያ ነው። ሜዲካል ተማሪው፣ የሳይካትሪ ነርሱ፣ የማስተርስ ተማሪው ሁሉ እዚያው ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ያለ ልጅ ከኋላ ቆሞ ከትከሻ በላይ ያያል። ዳር ያሉት ቦታዎች ግን እጅ ያጥራቸዋል። እናንተን ሥራ ያስነኳችኋል።

በምዕራብ በኩል በአምቦ መንገድ ገፈርሳ አለ። የገፈርሳው ማገገሚያ ማዕከል ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚያገግሙበት ነው። ለቡራዩ ልጅ ቤቱ ደጅ ማለት ነው። እዚያ የምታዩት ድንገተኛ ሕመም አይደለም። ከሕመም በኋላ ያለውን ኑሮ ነው። መታጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ አትክልት መኮትኮት፣ ከቤተሰብ ጋር መታረቅ። ክፍል ውስጥ ብዙ የማይነገር ነገር ይህ ነው።

በምሥራቅ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ። ኮቪድ የገባ ጊዜ የሁላችንም ጆሮ ላይ የነበረው ያው ሆስፒታል ነው፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣል። በሲኤምሲና በአያት አቅጣጫ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው ነው። በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል፤ ቅዳሜና እሑድም ሥራ አለ። ማወቅ ያለባችሁ፣ በጎ ፈቃደኛ የሚሠራው ያለውን ሥራ ነው። ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማጫወት። «እኔ የመጣሁት ለካውንስሊንግ ነው» የሚል ተማሪ አይቻለሁ። አጠገቡ ያሉት አዛውንት ጥፍራቸውን የሚቆርጥላቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። ጥፍር እየቆረጡ የሚወራው ወሬ ከየትኛውም የተዘጋጀ መጠይቅ ይበልጣል።

በደቡብ አቃቂ ቃሊቲ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ከዚያ ሌላ በየወረዳው ያሉ ጤና ጣቢያዎችን ጠይቁ። ጥያቄው «የሳይካትሪ ነርስ አላችሁ?» ነው። ካለ፣ ከሷ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም።

ትምህርት ቤቶችን አትርሱ። የኮንዶሚኒየም ሳይቶች አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከየቦታው በመጡ ልጆች የተሞሉ ናቸው። መሀል ከተማ ቤቱ ፈርሶበት ዳር የገባ ልጅ አለ። ወላጆቹ ሌሊት 11 ሰዓት ወጥተው ማታ 2 ሰዓት የሚገቡ ልጅ አለ። ጓደኛ ያጣ፣ ትምህርት የጠላ፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ። አማካሪ ካለ አንድ ሰው ለሺህ ተማሪ ነው። ርዕሰ መምህሩ በደስታ ይቀበላችኋል።

ከኦቲዝም ጋር መሥራት የምትፈልጉ ከዳር ወደ መሀል መምጣት ግድ ሊሆንባችሁ ይችላል። ዘሚ የኑስ የመሠረተችው ጆይ ማዕከልና ነህምያ በዚህ የታወቁ ናቸው።

6. ደብዳቤው

ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። እውቀት አንሶት አይደለም፤ ወረቀቱ ጎድሎበት ነው።

ከዲፓርትመንታችሁ የትብብር ደብዳቤ አውጡ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል አይሁን። የተቋሙ ስም ይጻፍበት። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም ይኑረው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ መዝገብ ቤት ይመልሳችኋል፤ ትክክልም ናቸው። ይዘቱ አጭር ይሁን፦

«ጉዳዩ፦ ለተግባር ልምምድ ትብብር ስለመጠየቅ። ተማሪ … በዲፓርትመንታችን የ3ኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ ሲሆኑ፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በሳምንት አንድ ቀን በተቋማችሁ የተግባር ልምምድ እንዲያደርጉ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን። ተማሪው በተቋሙ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ብቻ የሚሠሩ መሆኑን እንገልጻለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታስቀሩ። ኃላፊው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪ ገብቶ ታካሚ ላይ ችግር ቢፈጥር ማን ይጠየቃል? ዓረፍተ ነገሯ ለዚያ መልስ ትሰጣለች።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ በጀት ይዘጋል፣ ሐምሌ ላይ ሰው ፈቃድ ይወጣል። መስከረም በበዓል ያልፋል። መስቀል ካለፈ በኋላ ያለው ሳምንት ጥሩ ነው። ለክረምት ልምምድ ግን ግንቦት ላይ አስገቡ።

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ቅጂው ላይም አስመቱበት። ስትመለሱ «ደብዳቤ አስገብቼ ነበር» ብቻ ካላችሁ መልሱ «ነገ ተመለስ» ነው። «የገቢ ቁጥሩ ይህ ነው፤ ወደ ማን ተመራ?» ካላችሁ ግን ሴትየዋ መዝገቡን ትገልጣለች። «ወደ ሰው ሀብት ተመርቷል» ትላችኋለች። ከዚያ ሰው ሀብት ትሄዳላችሁ። እንደገና ይመራል። አትናደዱ። እያንዳንዱ መመራት አንድ ደረጃ መውጣት ነው።

በመሀል ክፍሉ ራሱ ጋ ሄዳችሁ ነርሷን ወይም ሳይኮሎጂስቱን ተዋወቁ። «ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዬ ወደናንተ እየመጣ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ብመጣ ይመችዎታል?» ኃላፊው «ይህን ተማሪ ትፈልጊዋለሽ?» ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። እሷ አዎ ካለች አለቀ። ስለ ትራንስፖርት ገንዘብ የመጀመሪያ ቀን አታንሱ። የመንግሥት ተቋም አይከፍልም። አንዳንድ ድርጅት ይከፍላል፤ ከሆነ እነሱ ራሳቸው ያነሱታል።

7. ወለሉ ላይ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዝም በሉ። እዩ። ታካሚ ሲገባ ሲስተር እንዴት ታስቀምጠዋለች? አስታማሚውን መቼ ታስወጣዋለች? መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሕመሙ ነው ወይስ ስለ መንገዱ? ጎበዝ ነርስ «ከየት መጣችሁ? በምን መጣችሁ? ቁርስ በላችሁ?» ብላ ትጀምራለች። በዚያ ውስጥ ሰውየው ቀኑን ያውቅ እንደሆነ፣ ያለበትን ቦታ ያውቅ እንደሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ እንዴት እንደሆነ ለክታ ጨርሳለች። እናንተ ገና ወረቀት እያወጣችሁ ነው።

ማንነታችሁን ግልጽ አድርጉ። አንድ አዛውንት ነጭ ጋዋን ካዩ ዶክተር ነው ይላሉ።

«ልጄ፣ አንተ ዶክተር ነህ?»

«አይደለሁም አባባ። ተማሪ ነኝ። ከሲስተር እየተማርኩ ነው።»

«ታዲያ ለኔ ምን ታደርግልኛለህ?»

«ከፈቀዱልኝ አብሬዎት ልቀመጥ።»

«ቁጭ በላ!»

ይህ ጥሩ አጀማመር ነው። ውሸት የለበትም፣ ተስፋም አልሸጠም። ታላላቆችን አባባ፣ እማማ፣ እናቴ እያላችሁ በአንቱታ ያዙ። ቅርብ ዕድሜ ያለውን በስሙ ጥሩት። ሕመም ያለበት ሰው ላይ አንቱታውን መጣል አለ፤ በብዙ ቦታ ይታያል። እናንተ አትልመዱት።

መጠይቅ መያዝ ሲጀመር አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ፒኤችኪው 9 የሚባለውን የድባቴ መለኪያ ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ሁሉም ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል። 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውየው በደንብ መታየት አለበት ማለት ነው። ድባቴ አለበት ማለት አይደለም። ያንን የሚለው ባለሙያው ነው። መጠይቁን እንደ ቆጠራ ሠራተኛ አታንብቡት። የኛ ሰው «ድባቴ ይሰማኛል» ብሎ አይመጣም። «ደረቴን ያፍነኛል»፣ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ብሎ ነው የሚመጣው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የሚውለውን የቀን ሠራተኛ «ድካም ይሰማዎታል?» ካላችሁት አዎ ይላችኋል። «ከበፊቱ የተለየ ድካም አለ?» በሉት።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከዜሮ ሌላ መልስ ከመጣ ልምምዱ አበቃ፤ ተነስታችሁ ለሱፐርቫይዘራችሁ፣ ማለትም ለሚቆጣጠራችሁ የተቋሙ ባለሙያ ትናገራላችሁ። ያኔውኑ። ሰውየውን ብቻውን ትታችሁ ሳይሆን ሌላ ሰው አጠገቡ አድርጋችሁ። «ለማንም አትንገር» ቢላችሁም። «ነገ እነግራለሁ» የሚባል ነገር የለም። ሚስጥር እንጠብቃለን ስትሉ ከመጀመሪያው ይህን ገደብ ጨምራችሁ ንገሩ።

ዳር ያሉ ክሊኒኮች ውስጥ ከጸበል የመጣ ወይም ወደ ጸበል የሚሄድ ታካሚ ታገኛላችሁ። ከሱሉልታ ወደ ከተማ ስትገቡ እንጦጦ መንገዳችሁ ላይ ነው፤ ታውቁታላችሁ። ቤተሰቡ ፊት ጸበሉን ካጣጣላችሁ በሚቀጥለው ወር አይመጡም። መድኃኒቱን ያቆሙት እንደሆነ ብቻ በዝግታ ጠይቁ። አቁመው ከሆነ ለሲስተር ንገሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል የምታስረዳው እሷ ናት።

ሌላው ክልክል ነገር፦ ምርመራ አትስጡ። ስለ መድኃኒት መጠን አስተያየት አትስጡ። የግል ስልካችሁን አትስጡ። ገንዘብ አታበድሩ። ፎቶ ደግሞ በፍጹም። ፊቱ ባይታይም፣ «ለበጎ» ቢሆንም፣ ቲክቶክ ላይ ባይወጣም።

8. በምትኖሩበት ሰፈር መሥራት

ዳር የመኖር ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። ክሊኒክ ያያችሁትን ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ለሱ ከእናንተ ጋር መታየት ማለት ሰፈሩ «ይህን ልጅ ከየት ያውቀዋል?» እንዲል ማድረግ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ሰላም አትበሉ። እሱ ሰላም ካለ እንደማንኛውም ጎረቤት መልሱ። «እንዴት ነህ፣ ተሻለህ?» የምትለዋን ዋጧት። ይህን ገና ክሊኒኩ ውስጥ ሳላችሁ ብትነግሩት ደግሞ ጥሩ ነው፦ «ውጭ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልም፤ ኩራት እንዳይመስልህ።»

ቤት ውስጥ ደግሞ ቡና አለ። እናታችሁ የምትጠይቃችሁ ለክፋት አይደለም። «የነ እከሌ ልጅ እዚያ ትታከማለች አሉ፤ እውነት ነው?» ትላለች። መልሱ አዎም አይደለም። አይም አይደለም። «እዚያ ስላለ ሰው አላወራም» ነው፤ ለሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ። አንዴ «እሷ እንኳ የለችም» ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ዝም ስትሉ ዝምታችሁ መልስ ይሆናል። የቅርብ ዘመድ ወይም የምታውቁት ጎረቤት ታካሚ ሆኖ ከመጣ ለሱፐርቫይዘራችሁ ነግራችሁ ከክፍሉ ውጡ።

ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ የሰው ስም አይጻፍ። «ወንድ፣ 40ዎቹ ውስጥ» ይበቃል። ደብተር ሚኒባስ ላይ ይረሳል።

9. የሳምንቷ አንድ ሰዓት

በሳምንት ወይም ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር የምትቀመጡበት ሰዓት አስቆርጡ። ሥራ የሚበዛባት ነርስ «በፈለግከው ጊዜ ጠይቀኝ» ትላለች። «በፈለግከው ጊዜ» ግን አይመጣም። ምሳ ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃም ይሁን፣ የታወቀ ይሁን። ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ስለ ሥራው፣ አንዱ ስለ ራሳችሁ። ስለ ራሳችሁ የሚለው ቀልድ አይደለም። የሰማችሁት ታሪክ ከቤታችሁ ታሪክ ጋር የሚገጥምበት ቀን ይመጣል። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ወደ ማዕከሉ መሄድ ካስጠላችሁ፣ ወይም ሁሉን ሰው ቤት ወስዳችሁ ማኖር ካማራችሁ፣ ለሷ ንገሩ።

የሰዓት መዝገብም ያዙ። ቀን፣ የገባችሁበት፣ የወጣችሁበት፣ የሠራችሁት በአንድ መስመር። በየወሩ አስፈርሙ። ሰኔ ላይ የዓመቱን በአንድ ቀን ማስፈረም ከባድ ነው። ሱፐርቫይዘራችሁም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ልትዛወር ትችላለች።

10. አራተኛ ዓመት፦ ጥናቱና የመውጫ ፈተናው

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ከልምምዱ አውጡ፤ ልምምዱ ላይ ያያችኋቸውን ሰዎች ግን ዝም ብላችሁ መረጃ አታድርጉ። ለልምምድ የተሰጠ ፈቃድ ለጥናት አይሆንም። ከዩኒቨርሲቲውም ከተቋሙም የሥነ-ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ይወስዳል። ቀላሉ መንገድ ታካሚን ትቶ አስታማሚን፣ መምህርን ወይም የራሳችሁን የክፍል ጓደኞች ማጥናት ነው።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው። 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪው የለም። ፈተናው የሚጠይቀው ከሁሉም ኮርስ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ሴሚስተር የልምምዱን ቀን ወደ ግማሽ ቀን ብታወርዱት ማንም አይቀየማችሁም፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው እንጂ። ድንገት መጥፋት ግን ለሚቀጥለው ተማሪ በር ይዘጋል።

11. ስትወጡ የምትይዙት ወረቀት

ይህ ልምምድ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ለሚለው አይቆጠርም። ብዙ ቀጣሪ የሚፈልገው ከምረቃ በኋላ ያለውን ነው፤ ከግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበትን። የሚጠቅማችሁ በሌላ በኩል ነው። ዜሮ ዓመት የሚጠይቁ ቦታዎች ላይ ከሌላው ተመራቂ ትለያላችሁ። ለማስተርስ ስታመለክቱ ስለ እናንተ ሊጽፍ የሚችል፣ ሥራችሁን ያየ ሰው አላችሁ። ውጭ አገር ለማመልከት ካሰባችሁም የምክር ደብዳቤ የሚጠየቀው ከሚያውቃችሁ ሰው ነው።

የምስክር ወረቀቱን የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትጠይቁ። አንድ ወር ቀድማችሁ ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ለሱፐርቫይዘራችሁ ስጡ። ከመቼ እስከ መቼ፣ በድምሩ ስንት ሰዓት፣ በማን ሥር፣ ምን ምን እንደሠራችሁ ይግባበት። «መልካም ሥነ-ምግባር ነበረው» ብቻ የሚል ወረቀት ምንም አይናገርም። «በሳምንት አንድ ቀን የቡድን ውይይት አብሮ መርቷል» የሚለው ይናገራል። ስማችሁ በመታወቂያችሁና በትራንስክሪፕታችሁ ላይ እንዳለው መጻፉን ፊደል በፊደል ተመልከቱ፤ «ኃይለ»ና «ሀይለ» በኋላ ያመላልሳል። ሲወጣ ሁለት ኦርጅናል አስፈርሙ፤ ማኅተሙ ፊርማው ላይ በከፊል ማረፉን እዩ። አንዱን ቤት አስቀምጡ፣ ሌላውን ለዲፓርትመንታችሁ ፋይል ስጡ።